ላስቲኩ ያልተነሳለት ክፍል

ሕፃናት የነገ አገር ተረካቢዎች ናቸው የሚል ንግግር ሲጀመር ሰዓቴን አያለሁ። ንግግሩ ስለሚረዝም አይደለም፤ «ነገ» የምትለዋ ቃል ስለምትከነክነኝ ነው። ርክክቡ ነገ ከሆነ ዛሬ ለልጁ ምንም መስጠት አያስፈልግም ማለት ነው። ልጁ ይጠብቅ። እኛም እየጠበቅን ነው ያደግነው፤ ይኸው ጸጉሬ ሸብቶም ማንም ምንም አላስረከበኝም።

ይህን ንግግር ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ሲቀላ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከገበያው ጀርባ ባለው የቀበሌያችን ግቢ ውስጥ ነው። የሕፃናት መዋያና መማሪያ ክፍል ሊመረቅ ድንኳን ተተክሎ ነበር። እኔ ለምን እንደተጠራሁ አላወቅኩም፤ ምናልባት መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ከፊት ሲቀመጥ ወንበሩ የተሞላ ስለሚመስል ይሆናል። ሪባኑ ተቆረጠ፣ ገባን፣ አየን። እውነቱን ለመናገር ክፍሉ ያምራል። ግድግዳው ላይ ጫሞ ሐይቅ ውስጥ ካሉት ሁሉ የተሻለ ጠባይ ያለው አዞ ተስሏል፤ ኳስ አቅፎ ይስቃል። ትንንሽ ወንበሮች፣ ትንንሽ ጠረጴዛዎች፣ ትንንሽ ፍራሾች፣ መደርደሪያው ላይ የእንጨት መጫወቻዎችና አሻንጉሊቶች። ሁሉም ከፋብሪካ እንደወጣ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ፎቶ ተነሳን፣ ለስላሳ ጠጣን። ስንወጣ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ በሩን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ሆነ። ከሌላ ከተማ «ለልምድ ልውውጥ» የሚመጡ ሰዎች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይገባሉ፣ አዞውን ያያሉ፣ ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ይሄዳሉ። አልገረመኝም። እናቴም ቡፌ ውስጥ የእንግዳ ብርጭቆዎች ነበሯት። እኛ ልጆቿ በቆርቆሮ ኩባያ እየጠጣን አደግን፤ ብርጭቆዎቹ ግን አንዳቸውም ሳይሰነጠቁ ከእናቴ በላይ ኖሩ። ቀበሌውም ያደረገው ይህንኑ ነው። በእጁ ጥሩ ዕቃ ገባ፤ ጥሩ ዕቃ ደግሞ የእንግዳ ነው። ልጆቹ የቤት ሰዎች ስለሆኑ አይቀየሙም።

ነገሩ ከቀልድ ያለፈ ጉዳይ የሆነብኝ ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ በምትኖር ሙዝ ሻጭ ምክንያት ነው። ከደጋው፣ ከገረሴ የመጣች ናት። ባሏ ሥራ ፍለጋ ርቆ ሄዷል፤ አልፎ አልፎ ይደውላል። ሦስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለቻቸው። ልጅቷ ከእናቷ ጋር በጋሞኛ ታወራለች፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ትከራከራለች። ጠዋት ስጽፍ መስኮቴ ሥር ትቆምና «ምን ታደርጋለህ?» ትለኛለች። «እጽፋለሁ» እላታለሁ። «ለምን?» ትላለች። ጽሑፌን ከተቹት ሰዎች ሁሉ መልስ ያሳጣችኝ እሷ ናት።

እናትየው ገበያ የምትወጣው ልጅቷን ይዛ ነው። ከመደቧ ፊት ለፊት ባጃጆች ይዞራሉ፤ ባጃጅ ነጂ ደግሞ ተሳፋሪ ያያል እንጂ ጉልበቱ ሥር ያለ ልጅ አያይም። ስለዚህ በአሮጌ ነጠላ የልጅቷን ወገብ ታስርና ጫፉን ከመደቡ እግር ጋር ትቋጥረዋለች። ልጅቷ ነጠላው እስከፈቀደላት ድረስ ትዞራለች፣ ሲደክማት የሙዝ ቅጠል ላይ ትተኛለች። ከሩቅ የሰማ ሰው ሊፈርድ ይችላል። ቦታውን ያየ ሰው ግን ቋጠሮውን ጠበቅ አድርጊው ነው የሚላት።

ከሩቅ የሰማ ሰው ፈረደ። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ የቤቴ በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ልጄ ወደ ገረሴ ሊሄድ ነው» አለችኝ። በእሷ አማርኛ ልጅቷ አንዳንዴ ወንድ ትሆናለች፤ ለምደነዋል።

«ለምን?»

«የባለቤቴ አባት ሰምተዋል። ሰዎች ልጃችሁን እንደ ፍየል አስራ ትውላለች ብለው ነገሯቸው። ድንቹ ተነቅሎ ሲያልቅ መጥቼ እወስዳታለሁ ብለዋል።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ምን እላለሁ? ውሸት አይደለም፣ ትታሰራለች።» የቆመችበትን የበር ፍሬም በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገች። «እዚያ አክስቶች አሉ፣ ወተት አለ። ትለምዳለች። እኔን ትረሳለች።»

የሙዝ ዋጋ እንደምትናገር ረጋ ብላ ነው የተናገረችው። ወደ ክፍሏ ስትገባ ልጅቷ ከኋላዋ እየሮጠች ተከተለቻት፤ ያለ ነጠላው ስትሮጥ ያየኋት እዚያው ግቢያችን ውስጥ ብቻ ነው።

የሰፈራችን ተመራጭ፣ የከተማው ምክር ቤት አባል፣ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት። ከመመረጧ በፊት ለብዙ ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራለች። ከእኔ መጻሕፍት ትዋሳለች፣ ስትመልስ ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ ትሰድበኛለች። እኔም አልመረጥኩሽም እላታለሁ፤ ውሸቴን እንደሆነ ታውቃለች። በዚያ ሳምንት መጽሐፍ ልትመልስ መጣች።

«ለምክር ቤታችሁ አንድ ሐሳብ አለኝ» አልኳት። «ያንን ክፍል ሙዚየም በሉትና ትኬት ሽጡበት።»

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ቁም ነገር አውራ።»

«ቁም ነገር ነው። ልጅ የሚያስፈልገው እናቱ ናት። መንግሥት ቦይ መጥረግ አቅቶት ልጅ ላሳድግ ይላል።»

«እናቱማ አለች፤ ሙዝ እየሸጠች ነው። ባትሸጥ ልጁ ምን ይበላል? ወይስ አንተ ትይዝላታለህ?»

 ልጅቷ በዚያ ሰዓት እግሬ ሥር ተቀምጣ እስክሪብቶዬን ታኝክ ነበር። ለጓደኛዬ ስለ ገረሴና ስለ አያትየው ነገርኳት። ወንበሯን ወደ ልጅቷ አዞረች።

«እርሳስ ሳልሰጣቸው በፊት አንደኛ ክፍል የሚገቡትን ልጆች እለያቸው ነበር» አለችኝ። «ጎበዝና ሰነፍ ብዬ አይደለም። ሰው እያናገራቸው ያደጉና ዝም በሉ እየተባሉ ያደጉ ብዬ ነው። ሥዕል አሳይቼ ምን ታያላችሁ ስላቸው የመጀመሪያዎቹ ሥዕሉን ያያሉ። ሁለተኛዎቹ እኔን ነው የሚያዩት፤ ምን ብዬ እንደምቆጣ ለማወቅ። እነሱን ወደ ሥዕሉ ለመመለስ ዓመቱ አይበቃኝም ነበር።» ልጅቷን እስክሪብቶውን አስተፋቻት። «ይቺ ሥዕሉን የምታይ ናት።»

በማግስቱ ቀበሌ ስትሄድ ተከተልኳት። ምክንያቴ ወሬ ማየት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የታረመ። «የተከበሩ የምክር ቤት አባል» ብሎ ጀመረና ፊቷን ሲያይ «ቲቸር» ወደሚለው ዞረ። አንደኛ ክፍል ያስተማረችው እሷ ናት።

«ሞግዚት አልተቀጠረም፣ ቲቸር። መመሪያውም ገና አልወረደም። ደግሞ ንብረቱ የተመዘገበው በእኔ ስም ነው። ልጆች ገብተው አንድ ነገር ቢሰብሩ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ሳይሰበር እዚያው ቢበሰብስስ?»

«ቢበሰብስ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው» አለ። አልቀለደም። ሳስበው እውነቱን ነው፤ በአገራችን ንብረት ስለበሰበሰበት የተጠየቀ ሰው አላውቅም። የሚጠየቀው የተጠቀመበት ነው።

እኔ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ጉዳይ እንደጨረሰ ሰው ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ለካ ሌላም ነገር ነበረኝ። መራጮቼን የምቀበልበት ቦታ ቀበሌው ሊሰጠኝ ይገባል፣ አይደል?»

«ይገባል እንጂ። ግን አዳራሹ ሁልጊዜ ስብሰባ አለበት፣ ቢሮዎቹ ደግሞ እንደሚያዩት…»

«ባዶ የሚውል ክፍል የላችሁም?»

ወጣቱ ወደ መስኮቱ አየ። ከመስኮቱ ማዶ አዞ ያለበት ክፍል ይታያል።

«ላስቲኩ እንዳይነሳ እንጂ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔ ላስቲክ ምን ያደርግልኛል?»

ከግቢው ስንወጣ «ይሄ ተንኮል ነው» አልኳት።

«ሥራ ነው» አለችኝ። «ተመራጭ እኮ ማኅተም የለውም፣ መኪና የለውም፣ በጀት ላይ አያዝም። ያለው መጠየቅና መቀመጥ ነው። ጠይቄአለሁ። አሁን እቀመጣለሁ።»

ተቀመጠች። ገበያ በሚደራባቸው ቀናት ጠዋት ትመጣለች፣ ሥራ አስኪያጁ ይከፍትላታል፣ ጫማዋን አውልቃ ከአዞው ሥር ትቀመጣለች። የገበያው ሴቶች መምጣት ጀመሩ፤ ስለ ቦይ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ መደብ ስለሚነጥቃቸው ሰው። ከእነሱ ጋር ልጆቻቸው ይመጣሉ፤ የት ይተዉአቸው? ወንበሮቹ ለአራት ዓመት ልጅ የተሠሩ ስለሆኑ መራጩ ሕዝብ አቤቱታውን የሚያቀርበው ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ ነው። እኔም አንድ ሁለቴ ሄጄ ተቀምጫለሁ። እንዲያ ተቀምጦ ረጅም ንግግር ማድረግ አይቻልም። ለሁሉም ምክር ቤቶች እንዲህ ያለ ወንበር ቢገዛላቸው እላለሁ።

ላስቲኩን መጀመሪያ የነካችው የተከራዬ ልጅ ናት። ጥግ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አገኘች፣ ጣቷን አስገባች፣ ሳበችው፤ ተንኮሻኮሸ። ሌሎቹ ልጆች ድምፁን ሰምተው መጡ። ላስቲክ መላጥ ለልጅ ምን ያህል ደስታ እንደሚሰጥ በልጅ አስተዳደግ መጻሕፍት ውስጥ ተጽፎ አላየሁም፤ የሚጽፉት ሰዎች ላስቲኩ ተነስቶ በቆየበት ቤት ነው የሚኖሩት። ከጥቂት የገበያ ቀናት በኋላ የፍራሾቹ ብቻ ቀረ፤ ቀጥሎ እሱም ተነሳ። የገበያው ሴቶች ትላልቆቹን ላስቲኮች አጣጥፈው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ።

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ላስቲካቸው የተነሳውን ወንበሮች አየ።

«ቲቸር፣ ላስቲኩ!»

«መራጮቼ አነሱት።»

«የትኞቹ መራጮች?»

«ዕድሜያቸው አልደረሰም እንጂ መራጮች ናቸው» አለችው። አንዱ መራጭ በዚያው ቅጽበት ሱሪው ሥር ኩሬ ሠርቶ ነበር። ወጣቱ ኩሬውን አየ፣ አዲሱን ምንጣፍ አየ፣ ወጣ። ይዞ የተመለሰው ግን ቁልፍ አልነበረም፤ መጥረጊያ ነው።

ቀሪውን ሴቶቹ ራሳቸው አደረጉት። ገበያ ውስጥ መደብን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ መሄድ የተለመደ ነው፤ ጎረቤትሽ ሙዝሽን እንደራሷ ትሸጥልሻለች። እነሱም ይህን ልማድ ወደ ክፍሉ አመጡት። አንዷ በተራዋ ከልጆቹ ጋር ትውላለች፣ ሌሎቹ መደቧን ይይዙላታል። ተመራጯ አቤቱታ እየሰማች በአንድ ዓይኗ ልጆቹን ታያለች፤ መሀል ላይ ታቋርጥና «ይሄ ምንድን ነው? ለምን ቀይ ሆነ? ማን በላው?» ትላለች፣ አንዳንዴ በአማርኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጋሞኛ። ልጆቹ የእንጨት መጫወቻዎቹን ሰልችተው ከለስላሳ መሸጫው በለቀሙት ቆርኪ ይጫወታሉ፤ በቀለም ይለያሉ፣ ይደረድራሉ፣ ይጣላሉ። እኩለ ቀን ላይ ይተኛሉ። እኔ ልጅ በጊዜ መማር አለበት ሲባል ፊደል ማስጨበጥ ይመስለኝና እቃወም ነበር፤ አሁንም እቃወማለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ፊደል አልነበረም። ወሬ ነበር፣ እንቅልፍ ነበር፣ የማይነዳ ባጃጅ ከካርቶን ተሠርቶ ነበር።

ችግሩ ይህ ሁሉ የሚሆነው ተመራጯ በምትቀመጥባቸው ቀናት ብቻ መሆኑ ነው። በሌላው ቀን በሩ ይቆለፋል፣ ነጠላው ወደ መደቡ እግር ይመለሳል። ገረሴ ደግሞ ድንቹ ተነቅሎ አለቀ።

አያትየው የመጡበት ቀን እንግዶችም የሚመጡበት ቀን ሆነ። ሥራ አስኪያጁ በዋዜማው ተመራጯን «ቲቸር፣ ነገ ብቻ ልጆቹ ይቅሩ፤ ክፍሉ ለጉብኝት ነው» ብሎ ለምኗት ነበር። «ነገ የመቀበያ ቀኔ ነው። እንግዶቹም ከመጡ እቀበላለሁ» አለችው። ተከራዬ ደግሞ መደቧን ጥላ መናኸሪያ መሄድ ስላልቻለች ሽማግሌውን እንድቀበልላት እኔን ጠየቀችኝ።

ዝናብ ይጥል ነበር። ከአውቶቡሱ ረጅም ዱላ ይዘው፣ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር በጆንያ ተሸክመው ወረዱ። በአገራቸው ሃላቃ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሃላቃ ማለት አገሬው በአደባባይ ተሰብስቦ የሚመርጠው፣ ደግሶ የሚያበላ፣ አገር ሰላም ባይሆን የሚወቀስ ሰው ነው። ጆንያውን ልቀበላቸው ብል እምቢ አሉ።

«ልጅቷ ታስራ ያለችበት ወዴት ነው?» አሉኝ።

ወደ ክፍሉ ወሰድኳቸው። ልጅቷ ፍራሽ ላይ በደረቷ ተኝታለች፤ በአንድ እጇ ቆርኪ ጨብጣለች። ሽማግሌው በላይዋ ቆመው ወገቧን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ በሩን አዩ። የሚፈልጉት ነጠላውን ነበር።

«ላንሳት?» አለች ተረኛዋ ሴት በጋሞኛ።

«ተይ፣ ትተኛ። እጠብቃለሁ» አሉና ከትንንሾቹ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጡ።

እንግዶቹ የገቡት እሳቸው እንደተቀመጡ ነው። ጃንጥላቸው ይንጠባጠባል፣ ጫማቸውን አውልቀዋል። ሥራ አስኪያጁ ከኋላቸው ፊቱ ነጥቶ ቆሟል። ፊት ለፊታቸው ሞዴል ክፍል ሳይሆን የተኙ ልጆች፣ የተዝረከረከ ቆርኪ፣ ጉልበቷን አቅፋ አቤቱታ የምትሰማ የምክር ቤት አባልና ዱላ የያዙ አዛውንት አሉ። አዛውንቱ ለሰላምታ ሊነሱ ሲሞክሩ ወንበሩ አብሯቸው ተነሳ። እንግዶቹ ሮጠው «ኧረ ይቀመጡ አባታችን» አሉ።

ከእንግዶቹ አንዷ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ይሄ እንዴት ነው? ሥራ ጀምሯል?»

ወጣቱ ቲቸሯን አየ። እሷ አላገዘችውም፤ አንደኛ ክፍልም ጥያቄ ጠይቃ እንዲህ ነበር የምትጠብቀው ብዬ አሰብኩ።

«ሥራ ላይ ነው» አለ።

ማስታወሻ ያዙ። ልጆቹ እንዳይነሱ በካልሲያቸው እየረገጡ፣ ወጡ።

ልጅቷ ስትነቃ አያቷን አላወቀቻቸውም። ለትንሽ ጊዜ ዱላውን አየችና እጃቸውን ይዛ ወደ አዞው ወሰደቻቸው። በጋሞኛ የምትለውን ግማሹን ነው የሰማሁት፤ ኳሱ የማን እንደሆነ እየጠየቀቻቸው ነበር። የአዞው ነው አሏት። አይደለም አለች። ታዲያ ለምን ያዘው አሏት። ቆም ብላ አሰበች። «ሊመልስ» አለች።

ሽማግሌው ወደ ተመራጯ ዞሩ። «አንቺ ነሽ የተመረጥሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይሄ ቤት ነገም ይከፈታል?»

የዚያን ቀን ሁሉ ነገር በዚህች ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ተከራዬ ዝናብ ውስጥ ሙዟን ይዛ ቆማ የምትጠብቀውም መልሷን ነው። ተመራጯ ይከፈታል ብላ ልትሸኛቸው ትችል ነበር። አላለችም።

«እኔ የምቀመጥበት ቀን ነው የሚከፈተው፣ አባባ። በሌላው ቀን ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው።»

ሁላችንም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞርን። እሱ ምንጣፉን አየ፣ እግሩ የላላውን ጠረጴዛ አየ፣ የአዞው ሆድ ላይ በከሰል የተሣለውን ሌላ ትንሽ አዞ አየ። ከዚያ ቁልፉን ከመያዣው ማውጣት ጀመረ።

«ከእንግዲህ ምኑን ልቆልፈው?» አለ። «ሁሉም ነገር ተነክቷል።» ቁልፉን ከበሩ ውስጥ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀለው።

ያን ጊዜ የገባኝ፣ ልጆቹን ከክፍሉ ውጪ ያቆያቸው የወጣቱ ክፋት ሳይሆን የዕቃው አዲስነት መሆኑ ነው። የተበላሸ ነገር ብቻ ነው ያለ ጭንቀት ለሕዝብ የሚሰጠው። ተመራጯ ሞግዚት እንዲቀጠርና ውሃ እንዲገባ በየጉባኤው ያንኑ ጥያቄ ስታነሳ ከረመች፤ ውሃው ገብቷል፣ ሞግዚቷም ተቀጥራለች። ይህን ስጽፍ እየተቆጣሁ አይደለም፤ ግን ሁለቱም የመጡት ክፍሉ በልጆች ከተሞላ በኋላ መሆኑን ልብ እላለሁ። ባዶ ክፍል ሞግዚት አይጠይቅም።

የዚያን ቀን ልጅቷን እዚያው ክፍሉ ውስጥ ትተን ከሽማግሌው ጋር ወደ ገበያው ሄድን። ተከራዬ አማቷን ስታይ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቆመች። ሽማግሌው ጆንያውን እግሯ ሥር አስቀመጡ፣ ጎንበስ ብለው ከመደቡ እግር ላይ ነጠላውን ፈቱት። ቋጠሮው ስለጠበቀ ጊዜ ወሰደባቸው። አጣጥፈው ሰጧት።

«ድንቹ ደህና ነው» አሏት። «ልጆችም ደህና ናቸው። አውቶቡሱ ሳያመልጠኝ ልሂድ።»

እሷ ነጠላውን ደረቷ ላይ ይዛ ቀረች። 

ዝናቡ በርትቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከቀበሌው በር ላይ ሆኖ አየን፤ ገባና ከፍራሾቹ ላስቲክ ትልቁን ይዞ ተመለሰ። ዘርግቶ በሽማግሌው ትከሻ ላይ ጣለላቸው።

«ይመልሱታል፣ አባባ» አለ። «በእኔ ስም የተመዘገበ ንብረት ነው።»

«መቼ ልመልስ?»

«ልጅቷን ሊያዩ ሲመጡ።»

ሽማግሌው ላስቲኩን አንገታቸው ላይ ቋጠሩና ወደ መናኸሪያው አቀኑ። ከኋላቸው ሳይ ላስቲኩ ላይ የፋብሪካው ምልክትና የደስተኛ ሕፃን ሥዕል ታትሞበታል። ባጃጆቹ ጡሩምባ እያሰሙ አሳለፏቸው።